ከአሥር በታች

ሚስ ቨርዴል ጋስኪንስ በሄሮን ላንዲንግ የባሕር ሙያ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው በቆዩባቸው ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ሦስት ወንበር አርጅቶባቸዋል፤ አራት ርእሳነ መምህራን መጥተው ሄደውባቸዋል፤ አንድም ቁጥር ግን ተዛብቶባቸው አያውቅም። በከተማይቱ ለእድሜ ባለጸጋ ሴት የሚሰጠው ክብር «ሚስ» ብሎ የራሷን ስም መጥራት ስለሆነ፣ ከዓሣ ሻጩ እስከ ፓስተሩ ድረስ ሁሉም «ሚስ ቨርዴል» ይላቸዋል። ከአውራ ጎዳናው ወዲያ ማዶ፣ ሣሩ በልክ በሚታጨድበት ሰፈር የሚኖሩት ግን «ሚስስ ጋስኪንስ» ነው የሚሏቸው። ስለዚህ ስልኩ ጮኾ አንድ ቃል እንደሰሙ ደዋዩ ከየት እንደሆነ ያውቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ሙሉ «ሚስ ቨርዴል» ሲባሉ ይውሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ «ሚስስ ጋስኪንስ» እየበዛ መጣ። የተማሪው ስብጥር መለወጡን ከማንኛውም ሰንጠረዥ ቀድሞ የነገራቸው ያ ስልክ ነው።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ኦይስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ ይታሸግበት በነበረ አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሚስ ቨርዴል በልጅነታቸው የአባታቸውን ምሳ ይዘው ይመጡ የነበረው ወደዚያው ግቢ ነበር፤ አባትየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቢላ ቅርፊት ሲከፍቱ የቆሙበት ቦታ ዛሬ የኮምፒውተር ክፍል ሆኗል። ከየሰፈሩ ልጆችን ይስባል ተብሎ ማግኔት የሚል መጠሪያ ተሰጠው። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ዓመታት የሳበው ግን ወባ የሌላትን የወንዝ ዳር ትንኝ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት መቶ አርባ ተማሪዎች ሰማንያ ስድስቱ ጥቁር የከተማይቱ ልጆች ነበሩ፤ የቀሩት የነጭ ሸርጣን አጥማጆችና በአትክልት እርሻው የሚሠሩ የፖርቶ ሪኮ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። በሒሳብ ፈተና ትምህርት ቤቱ ከክፍለ ግዛቱ ከታች ሁለተኛ ወጣ፤ ከታች አንደኛ የወጣው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ልጆቹ የሠሯቸው ጀልባዎች ግን ይንሳፈፉ ነበር፤ ሞተራቸውም ይነሣ ነበር። በሄሮን ላንዲንግ ሰው ትምህርትን የሚመዝነው በዚህ ነበር።

ከዚያ የመርከብ ንድፍ የሚባል አዲስ ትምህርት ተጨመረ። አንድ መጽሔት ትምህርት ቤቱን «የተደበቀ ዕንቁ» ብሎ ጻፈ። ዕንቁ ተደብቆ እንዲኖር የሚፈቅድ ወላጅ የለምና ከማዶ ሰፈር የመጡ መኪኖች በማመልከቻ ቀን እስከ ድልድዩ ተሰለፉ። አመልካች ሲበዛ የመግቢያ ፈተና መጣ፤ ቀጥሎ ድርሰት፣ ከሁሉ በኋላ ከመቶው ነጥብ ሠላሳውን የሚይዝ ቃለ መጠይቅ። ሚስ ቨርዴል በየዓመቱ ኦክቶበር አሥራ አምስት፣ በቆጠራው ቀን፣ ያቺን የጥቁር ተማሪዎች ረድፍ ሲሞሉ ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት፣ ስድሳ አንድ፣ አርባ፣ ሃያ ሁለት እያለ ወርዶ አሥራ አንድ ደረሰ። የሒሳብ ውጤቱ በዚያው ልክ ወደ ላይ ወጣ።

ይህን ሚስጥር ከሁሉ ባጭሩ ያስቀመጡት የሞተር መምህሩ ሚስተር ኳርልስ ናቸው። እሳቸውና ሚስ ቨርዴል አብረው ያደጉ፣ ከከተማይቱ ተወላጆች በትምህርት ቤቱ የቀሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ።

«ምን አስደነቀሽ፣ ቨርዲ?» አሏቸው አንድ ቀን፣ ሚስ ቨርዴል የውጤት መግለጫውን ሲያሳዩዋቸው። «ዓሣ አጥማጅ ትንንሾቹን እየመረጠ መልሶ ባሕር ይጥልና፣ ዘንድሮ ዓሣው ምን ነካው፣ ሁሉም ትልልቅ ሆነ ይላል።»

«አንተ ምን አለብህ፤ ትልልቆቹንም ቢሆን ሞተር ታስተምራለህ።»

«ትልልቆቹ ሞተር ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ነው የሚከቱት።»

ርእሰ መምህሩ ዶክተር ዊትከም በመጣበት ዓመት ሚስ ቨርዴል አንድ ቀልድ ቀለዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያን ቀልድ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚረሱት አይመስልም።

ዊትከም ሪፖርቱን ዘርግቶ በጥቁር ተማሪዎችና በሌሎቹ የሒሳብ ውጤት መካከል ያለውን የሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት በእርሳሱ ይነካካ ነበር። «ሚስ ቨርዴል፣» አለ በጨዋ ድምፁ፤ ይህን አጠራር በሁለተኛው ቀን ነው የተማረው። «ይህን ልዩነት በቶሎ ማጥፋት የሚቻልበት መንገድ ይኖር ይሆን?»

«ከአሥራ አንዱ ጥቁር ልጆች ሁለቱ ትምህርት ቤት ቢለቁ ዛሬውኑ ይጠፋል፣» አሉ ሚስ ቨርዴል፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። «አንድ ወገን ከአሥር ተማሪ በታች ከሆነ የማን ውጤት እንደሆነ እንዳይታወቅ ተብሎ አይታተምም። በቁጥሩ ፋንታ ኮከብ ይደረጋል። ኮከብ ደግሞ ከማንም ጋር ልዩነት የለውም።»

ሰው ቢሆን ይስቃል። ዊትከም ግን ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው።

በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ዘጠኝ ሆነ። ማንም አልተባረረም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሦስት ሲመረቁ ሦስት ይገባሉ፣ ሁለት ሲወጡ ሁለት። ባሕሩ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ያቺ ዘጠኝ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። በመግቢያው አዳራሽ «በተማሪዎች መካከል ልዩነት ያልታየበት ትምህርት ቤት» የሚል ሰማያዊ ሰንደቅ ተሰቀለ፤ ሚስ ቨርዴል በየጠዋቱ በሥሩ ያልፋሉ።

የልጅ ልጃቸው ኬዛያ አሥራ አራት ዓመት የሞላት በዚህ ጊዜ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈችና አባቷ በከባድ መኪና አገር ላገር ስለሚዞር፣ በሕግ አሳዳጊዋ ሚስ ቨርዴል ናቸው። ልጅቱ ከሟቹ ባላቸው ከኦሪን የወረሰችው ሁለት ነገር ነው፤ ረጃጅም ጣቶችና የጀልባ ሞተር ጆሮ። ሞተር ሲያልፍ ሰምታ «ሁለተኛው ካንዴላ ቆሽሿል» ትላለች፤ አጥማጆቹ ከፍተው ሲያዩት እውነት ይሆናል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚስተር ኳርልስ ክፍል መግባት። በወረቀት ፈተናው ከሰባው ነጥብ ሃምሳ ስድስቱን አገኘች። በቃለ መጠይቁ ግን፣ «ከአሥር ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ?» ብለው ቢጠይቋት፣ «ውኃ ላይ፤ ሞተሩ ካልጠፋብኝ፣» አለች። ከሠላሳ አሥራ ሁለት ሰጧት። ስሟ በተጠባባቂዎች ዝርዝር አናት ላይ፣ አንደኛ ሆኖ ተጻፈ። እስኪለይ ድረስ በከተማው ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ እዚያ ሁለት ሺህ ተማሪ አለ፤ ሞተር የለም።

በሴፕቴምበር መጨረሻ የአንድ ተማሪ አባት ሥራ ወደ ቴክሳስ ተዛወረና በሞተር ክፍል አንድ ወንበር ተለቀቀ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ እስከ ቆጠራው ቀን ድረስ የተለቀቀ ወንበር ለተጠባባቂው አንደኛ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በሩ እስከ ዓመት ይዘጋል። ሚስ ቨርዴል የዘመዳቸውን ፋይል ራሳቸው መንካት ስለማይወዱ ገና በማመልከቻው ጊዜ ለርእሰ መምህሩ አስረክበውት ነበር። ስለዚህ የመግቢያ ደብዳቤዋን ብቻ እንዲፈርምበት ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ስምንት ቀን ጠበቁ። በዘጠነኛው ቀን በሩን አንኳኩ።

«ዶክተር፣ ያ ደብዳቤ ፊርማዎን ይጠብቃል።»

«አይቼዋለሁ፤ ይቀመጡ እስቲ።» ወንበር ሳበላቸው። ዊትከም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልደት ቀናቸውን የማይረሳ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ እስከ መኪናቸው የሚሸኛቸው ሰው ነው። «እያሰብኩበት ነው። አሥራ አምስት ተማሪ ለአንድ ክፍል እንዴት ያለ ተስማሚ ቁጥር መሰለዎት።»

«ሚስተር ኳርልስ አሥራ ስድስት ይመቸኛል ይላሉ።»

«ይላሉ።» እርሳሱን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ሚስ ቨርዴል፣ አሥረኛ ልጅ ስትጨመር የአሥሩም ውጤት ይታተማል። ይህችን በምታክል ከተማ ዝቅ ያለው ውጤት የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ እሑድ ይበቃል። እኔ የማስበው ለልጆቹ ነው። ሪፖርቱን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሚስ ቨርዴል ተነሥተው ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሚስተር ኳርልስን ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ወስደው ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። ለቆጠራው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

«የሰውየው የፊርማ ማህተም መሳቢያሽ ውስጥ አይደል?» አሉ ኳርልስ ክራቫታቸውን እያላሉ። «መታ አድርጊውና ላኪላት።»

«በሃያ ዘጠኝ ዓመት ያላደረግሁትን ዛሬ ለገዛ ልጄ ላድርገው?»

«ለሰው ልጅማ አድርገሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለልጅሽ ይለምድብሽ ነበር።»

«ቀልዱን ተወኝ፣ ኳርልስ። እኔ በቀልድ ነው የተያዝኩት።»

ኳርልስ ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲያው ኦሪንን ከመቃብሩ ቀስቅሺው። አንድ ሁለት ሲል፣ እናቴ ከአገሬው ነባር ሕዝብ፣ ከሌናፔ ናት፣ ማንም ሳይመጣ ይህ ባሕር የእኛ ነበር እያለ ያስቸግረን የለ? ጥቁር በዝቶብናል ካሉሽ፣ ልጅቱ የባሕሩ ባለቤት ናት በያቸዋ፤ በዚያው ኪራይ ይክፈሉሽ።» በራሳቸው ቀልድ ከትከት ብለው ሳቁ።

ሚስ ቨርዴል አልሳቁም። የቦርሳቸውን መያዣ እንደጨበጡ ቆመው ቀሩ። ኳርልስ ፊታቸውን አዩና ሳቃቸውን ዋጡት።

«ቨርዲ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው።»

«አውቃለሁ፣» አሉ ሚስ ቨርዴል። «እኔም ስቀልድ ነበር።»

ከምሳ በኋላ ኬዛያ ከኋላ ደጃፍ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የጎረቤትን ሞተር ካርቡሬተር በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች። በጭኗ ላይ የቀዘቀዘ ጥብስ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ያለበት ሳሕን አለ። ሚስ ቨርዴል የተማሪ መግለጫ ቅጽ ይዘው ወጡና ከደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቅጹን ራሳቸው ለአያሌ ወላጆች አስሞልተውታል። በመካከሉ የተማሪው ዘር የሚመለከትባቸው የሣጥኖች ረድፍ አለ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊ፣ የአገሬው ተወላጅ እያለ ይሄድና በመጨረሻ «ሁለትና ከዚያ በላይ» ይላል። በዚህች በመጨረሻዋ ሣጥን ምልክት የተደረገለት ልጅ በሌሎቹ በአንዱም ረድፍ አይቆጠርም።

ኬዛያ እጇን በጨርቅ ጠርጋ አነበበችው። በመጨረሻዋ ሣጥን ውስጥ የተደረገውን የቀለም ምልክት አየች።

«ናና፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአያትሽ እናት ሌናፔ ነበረች።»

«ፓፓ ኦሪን ይህን ሲያወራ፣ ሰክሯል አትስሚው ስትይኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ሰክሮም ቢሆን እውነት ይናገር ነበር።»

«እና እስከ ዛሬ ሴትየዋ የት ነበረች?»

ሚስ ቨርዴል ከዳቦው ቆርሰው ወደ አፋቸው ሳያደርሱ መልሰው ሳሕኑ ላይ አኖሩት። «ከሚስተር ኳርልስ ክፍል አንድ ወንበር ተለቋል። በዚህኛው ሣጥን ከገባሽ ይሰጡሻል። በዚያኛው ከገባሽ አይሰጡሽም።»

«ለምን?»

«በዚያኛው አሥረኛ ትሆኛለሽ።»

ልጅቱ የሒሳብ ጭንቅላት ስለነበራት ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም። ብሩሹን አንሥታ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ፈተገች።

«ውሸት ነው?»

«አይደለም። ውሸት ቢሆን አላመጣልሽም ነበር።» ሚስ ቨርዴል እስክሪብቶ አወጡ። «ወንበሩን ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ፣» አለች ኬዛያ ቀና ሳትል።

ሚስ ቨርዴል እንደ አሳዳጊ ፈረሙ። በሥራ ላይ ሲፈርሙ ስማቸውን ሙሉ በሙሉ፣ ፊደል ሳይዘልሉ ነው የሚጽፉት፤ ያን ቀን የጻፉት አይነበብም።

ሰኞ ጠዋት ዊትከም ቅጹን ከሚገባው በላይ አየው። ከዚያ ደብዳቤውን ከወረቀት ማስቀመጫው ሥር አውጥቶ፣ ማህተሙን ሳይሆን የራሱን ብዕር ተጠቅሞ ፈረመ።

«ሁልጊዜም ብልህ ነዎት፣ ሚስ ቨርዴል፣» አለ። ከልቡ ነበር ያመሰገናቸው።

ሐሙስ ኦክቶበር አሥራ አምስት ሚስ ቨርዴል ቆጠራውን አስገቡ። ጠቅላላ ተማሪ መቶ ዘጠና ስድስት። በዚያች ረድፍ ዘጠኝ። «ሁለትና ከዚያ በላይ» በሚለው ረድፍ ስድስት። ሁለቱም ኮከብ ነው የሚሆኑት።

ኬዛያ በሞተር ክፍሉ ዓሣ ውኃ ሲገባ እንደሚሆነው ሆነች። በብርዱ ወራት ኳርልስ ለማንም የማይሰጡትን የመፍቻ ሣጥናቸውን ቁልፍ ሰጧት። ሚስ ቨርዴል ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሆነው ልጅቱ ከሌሎቹ ጋር ጀልባ ስትገፋ ያያሉ፤ ደስም ይላቸዋል። በቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀረ። ኬዛያ ድሮ በእራት ጊዜ፣ ፓፓ ኦሪን እንዲህ ብሎ ነበር፣ እንዲያ አድርጎ ነበር ማለት ታዘወትር ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስሙን አንሥታ አታውቅም። ሚስ ቨርዴልም አላነሡትም።

በጁን ወር የፈተናው ዝርዝር ከክፍለ ግዛቱ መጣ። በስም የተጻፈውን ዝርዝር የማየት ፈቃድ ያላቸው በግቢው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ርእሰ መምህሩና የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ። ዊትከም አጠቃላዩን አይቶ ተደሰተና ወደ ስብሰባው ሄደ። ሚስ ቨርዴል ማንም ሳያዛቸው እርሳስ አነሡ። ዘጠኙን ልጆች ያውቋቸዋል፤ የአብዛኞቹን እናቶች እዚሁ ግቢ ተምረው ሲመረቁ አይተዋቸዋል። ውጤታቸውን አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ላይ አወረዱት። በመጨረሻ የኬዛያን ጨመሩበት፤ ዘጠና አራት ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ሁሉ ሁለተኛው። ደመሩት፤ ለአሥር አካፈሉት። አልታመን አላቸውና እንደገና አካፈሉት።

ያ የሠላሳ አንድ ነጥብ ልዩነት ሁለት ነጥብ ሆኗል። የሁለት ነጥብ ልዩነት በአንድ ልጅ ጉንፋንም ይመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ በኮከብ የተሸፈነው፣ ለመሸፈኑም የባላቸው እናት ከመቃብር የተጠራችበት ነገር፣ በዚህ ዓመት ቢታተም ኖሮ ለከተማይቱ ልጆች ሰማንያ ስድስት በነበሩበት ዘመንም ያልታየ ክብር ይሆናቸው ነበር። ሰንደቁም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት በተናገረ ነበር። አሥረኛ ስለሌለ ግን አይታተምም።

ወረቀቱን ይዘው ለኳርልስ ሊያሳዩ ተነሡ። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። የተማሪ ውጤት በስም ተጽፎ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ደንቡን ለአምስት ርእሳነ መምህራን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ተመልሰው ወረቀቱን ለወረቀት መበጣጠሻው ማሽን ሰጡት። ማሽኑ እንደተለመደው አጉረመረመና ዋጠው።

ስልኩ ጮኸ።

«ሚስ ቨርዴል?» አለች የወጣት ሴት ድምፅ። እንዲህ ተብለው በስልክ ከተጠሩ ወራት አልፈዋል። «ከዋተር ስትሪት ነው የምደውለው። የኬዛያ ነገር በቤተ ክርስቲያን ሲወራ ሰማሁና የኔዋን ላስመዘግብ አስቤ… ግን ልጅቷ ብቻዬን እሆናለሁ ብላ ፈራች። ስንት የኛ ልጆች አሉ እዚያ?»

ሚስ ቨርዴል ወንበራቸውን ሳቡ። ለዚህ ጥያቄ በስልክ የሚሰጠው መልስ በደንቡ ላይ ቃል በቃል ተጽፏል።

«ከአሥር በታች፣» አሉ።

«ኬዛያን ጨምረው ነው?»

በመስኮቱ ውጭ ኬዛያ ከመቆሚያው ጫፍ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ አንድ ሞተር ታዘነብላለች።

«ያለ ኬዛያ፣» አሉ ሚስ ቨርዴል።